ዜናው ዜና ነው ወይስ የተከፈለበት? (ለሚኒ ሚዲያ ክበብ)

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ጀመዓው። ደሴ ላይ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ የክረምት ሥልጠና እየተዘጋጀ ነው። ልጆቹ 24 ናቸው። አንዱ ቀን የተያዘው ድርጅቶች በዜና፣ በመዝናኛና በፖለቲካ ውስጥ እንዴት እጃቸውን እንደሚያስገቡ ለማሳየት ነው። «ሚዲያውን ባለሀብት ገዝቶታል» ብሎ መለፈፍ የትም አያደርስም፤ ልጆቹ ሬዲዮ ከፍተው በጆሯቸው ሊይዙት የሚችሉት ምልክት ነው የሚያስፈልገው። ምን ያዳምጡ? እንዴት ይቁጠሩ? የት ላይ ይሳሳታሉ?

የአየር ሰዓት፦
አብሽር፣ ይቻላል። መጀመሪያ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ አሳያቸው። ኤፍ ኤም ላይ የሚሰማው ሁሉ የጣቢያው ሠራተኛ ያዘጋጀው አይደለም፤ የተባባሪ አዘጋጅ ፕሮግራም አለ። ተባባሪ አዘጋጁ የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፣ ከዚያ ስፖንሰር ፈልጎ ወጪውን ይሸፍናል፣ ትርፍ ካለም ከዚያው ነው። ስፖንሰሩ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ የፕሮግራሙ ዕድሜ በእነሱ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም ደውሎ «ይህን አታንሳ» ማለት አያስፈልገውም፤ አዘጋጁ ራሱ ያልፈዋል። ለልጆቹ ከባድ የሚሆነውም ይኼው ነው፣ ያልተነሳ ጉዳይ ድምፅ የለውምና።

ስለዚህ የፕሮግራሙ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሁለት ሁለት ደቂቃ እንዳያመልጣቸው። «ይህ ዝግጅት የሚቀርብላችሁ ከእነ እገሌ ጋር በመተባበር ነው» የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ስሞቹን ይጻፉ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት «የዛሬው እንግዳችን» ተብሎ የሚገባውን ሰው ከተጻፉት ስሞች ጋር ያመሳክሩ። ከገጠመ ጥያቄዎቹን ይቁጠሩ፦ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቅሬታ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ፍሳሽ የተጠየቀው ስንት ነው? «እስኪ ስለ አገልግሎታችሁ ያብራሩልን» የሚለውስ?

ሌላው የምረቃና የጉብኝት ዜና ነው። ጋዜጠኛውን የወሰደው መኪና የማን ነው፣ ውሎ አበሉን የከፈለው ማን ነው? ይህ አይነገርም፤ ዱካው ግን ይታያል። ሪባን፣ ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ አጠገብ ቆሞ የሚያመሰግን አንድ ሠራተኛ። ከአጥር ውጭ የሚኖር ጎረቤት ግን የለም።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ሸጋ ብለሃል። እኔ የምጨምረው ግሱን ነው። የአማርኛ ዜና የሚደብቀውን የሚደብቀው እዚያ ውስጥ ነው። «ፋብሪካው ለ2 ሺህ ሰዎች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተገለጸ» ሲባል ማን ገለጸ? «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» ባለቤት የላቸውም፤ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የድርጅቱን ወሬ የጣቢያው ወሬ ያስመስለዋል። ልጆቹ እነዚህን በቀይ ያስምሩባቸው። ቀጥሎ «ፈጥሯል»ን፣ «ይፈጥራል»ንና «ይፈጥራል ተብሎ ይጠበቃል»ን ይለዩ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ የተሠሩትን ዜናዎች ፈልጋችሁ አንብቡ፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር መሆኑ የሚለካ ነገር ነው፤ ወደፊት ይገኛል የተባለ የሥራ ዕድል ግን ትንበያ ነው። የትንበያን ዜና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመረምር ጣቢያ ካገኙ ያ ጣቢያ ጋዜጠኛ አለው።

ደግሞ የሁለት ሚዲያ ዜና በአንድ ቀን ቃል በቃል ከገጠመ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው የድርጅቱ ሕዝብ ግንኙነት ነው። «ግንባር ቀደም»፣ «ዘመኑን የዋጀ»፣ «ችግሩን በዘላቂነት የሚፈታ» የሚሉት ቅጽሎችም ከዚያው ሰፈር ናቸው።

ነጋሪት፦
ሕጉን ይዘው ቢገቡ ክርክሩ ይቀልላቸዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በብሮድካስት ላይም ከዕለቱ ሥርጭት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። እዚህ ላይ ልጆች የሚሳሳቱት 20 በመቶውን በሰዓት ሲያሰሉት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 12 ደቂቃ አለፈ ማለት ሕግ ተጣሰ ማለት አይደለም፣ ልኬቱ የቀን ነው። በቀን 18 ሰዓት ለሚያሰራጭ ጣቢያ ጣሪያው 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል።

መዝናኛውን ለማሳየት ከቢራ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቢራን ጨምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ገንዘቡ ግን ቤቱን አልረሳም። የቢራ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን የማልት መጠጥ ተመልከቱ፦ አልኮል የለውም፣ ስለዚህ ይተዋወቃል፤ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ዜማው የማንን ስም እንደሚያስታውስ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። በድራማ ውስጥ ደግሞ ጠርሙሱ ስሙ ወደ ካሜራ ዞሮ ከተቀመጠ፣ ተዋናዩም የዕቃውን ስም ከነሙሉ መጠሪያው ከጠራ (በወግ መሃል እንደዚያ የሚያወራ ሰው የለም!) ይመዝግቡት። በአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ከ46 ክፍለ ግዛቶች ጋር በገቡት ስምምነት ዕቃቸው በፊልም እንዲታይ መክፈል የተከለከለው ይህ ዘዴ ስለሚሠራ ነው።

ኮምቦልቻ 04፦
ሁላችሁም የግሉን ብቻ ነው የምታወሩት። የጨረታ ማስታወቂያውንስ? የመንግሥት ጋዜጦቹን «በኩር»ን ወይም «አዲስ ዘመን»ን ገልጣችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስንት ገጽ እንደያዘ ቁጠሩ። ለግል ጋዜጣም ይኸው ገበያ ትልቅ ነው፣ ከተነሳበት ይንገዳገዳል። ማስታወቂያ የሚሰጥ የመንግሥት ድርጅትም እንደ ማንኛውም ስፖንሰር ነው።

የአየር ሰዓት፦
ኮምቦልቻ፣ ልክ ነህ፣ ግን አንድ አድርገህ አትቁጠራቸው። ልጆቹ የሚሞሉት ቅጽ ላይ ሁለት ረድፍ ይሁን፣ ካልሆነ የጨረታው ብዛት የስፖንሰሩን ይሸፍነዋል። የባለቤትነት ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1986 እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ጣቢያውን ኤንቢሲን ሲጠቀልል የጦር አውሮፕላን ሞተር የሚሠራ ድርጅት የዜና ክፍል ባለቤት ሆነ፤ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በ2013 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣን በ250 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። እዚያ ጥያቄው «ማን ከፈለ» ሳይሆን «ማን ይቀጥራል» ነው። ፖለቲካውን በተመለከተ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ከፓርቲ ተነጥለው ያለ ገደብ ማውጣት እንዲችሉ ፈቅዷል፤ የእኛን ሥርዓት ግን በዚያ አትለኩት። ለዚህ ቀን ይበቃል።

ወልድያ መንገድ፦
ስምንም ጨምሩ። የወልድያው ስታዲየም በ2009 ተመርቆ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲን ስም ነው የሚጠራው። ስጦታ ነው፣ አንከራከርም፤ ግን የጨዋታ ዘጋቢው ስሙን በጠራ ቁጥር የአየር ሰዓት አልተከፈለም። ልጆቹ ይህን «ማስታወቂያ» ብለው እንዳይሞሉት፣ ለብቻው «መጠሪያ» የሚል ዓይነት ይኑረው።

ጦሳ ሥር፦
ጀዛኩሙላህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አደራረጉ። 24ቱን እንዴት ልከፋፍላቸው?

የአየር ሰዓት፦
12 ጥንድ። ጥንዱ ያንኑ አንድ ሰዓት ያዳምጣል፣ ግን እየተያዩ አይሞሉም። በኋላ ቅጻቸውን ያነጻጽሩ፤ ከአሥር ምዝገባ ሦስቱ ከተለያየ ችግሩ የልጆቹ ሳይሆን የቅጹ ትርጉም ነው፣ አስተካክላችሁ ድገሙ። ዓምዶቹ፦ ሰዓት፣ ርዝመት በሰከንድ፣ የተጠራው ስም፣ ዓይነት (ግልጽ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ስፖንሰር ጥሪ፣ እንግዳ፣ ዜና፣ መጠሪያ)፣ የተነሳ ወቀሳ አለ ወይስ የለም።

በስልክ ኤፍ ኤም ይቅዱት፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ስለሆነ ካልተሰካ አይይዝም። ቀድሞ ባትሪ ይሞላ፣ መብራት አይታመንም። ድጋሚ ሥርጭትን «ድ» ብለው ይለዩ፣ አለዚያ ሁለቴ ይቆጠራል። የጤና ቢሮ የክትባት መልእክት ከንግድ ማስታወቂያ ጋር እንዳይቀላቀል።

ያልተባለውን ለመያዝ አንድ የአካባቢ ጉዳይ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ለምሳሌ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽ። በሁለት ሳምንት ስንት ጊዜ ተነሳ፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ የዚያ ፕሮግራም ስፖንሰር ማን ነው? ዜሮ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሳምንቱ የሌላ ትልቅ ዜና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለጣቢያው በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም አብራችሁ ለጥፉ።

ጦሳ ሥር፦
ማልቱ በየትኛው ዓይነት ይግባ?

ነጋሪት፦
በግልጽ ማስታወቂያ። ከጎኑ ግን የሚያስታውሰውን ስም ይጻፉ፤ ሁለቱ ልጆች ሳይነጋገሩ አንድ ስም ከጻፉ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።