የሚና ድልድል ላይ ተቸግረናል፤ የምታውቁ እርዱን

ጎንደር ውስጥ ስለ ሠርቶ አደሩ ሙዚቃዊ ቲያትር እያዘጋጀን ነው። 6 ተዋንያን 18 ሚና ይጫወታሉ። ግንበኛው፣ ሊስትሮው፣ የቅዳሜ ገበያው ተሸካሚ ተደልድለዋል። የቸገረችን እንጀራ ጋጋሪዋ ናት፤ በባቲ ቅኝት ዘፍና እንደጨረሰች የሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና መመለስ አለባት። መሸጋገሪያው የማሲንቆ ዜማ 20 ሰከንድ ብቻ ነው። ልብሱን ደራርበን ሞከርነው፤ ሻሹ ሲፈታ ግን ማይኩን እየነካ ያንኳኳል።

ክራሩም ሌላ ጣጣ ነው። የአንጣፊዋ ዘፈን በትዝታ ቅኝት ነው፤ ማሲንቆው በጣት ቦታ ይከተላል፣ ክራሩ ግን ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ሁለተኛ ክራር ቃኝቶ ማቆየት ይሻላል ወይስ የአንጣፊዋን ሚና የባጃጅ ሹፌሯን ለምትጫወተው መስጠት? እሷ ከተቀባዮቹ ከወጣች ግን የተቀባዮቹ ከፍተኛ ድምፅ ይሳሳል፤ ዘፈኑን የሚሸከመው ደግሞ ይኸው ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድልድል የሠራችሁ፣ እባካችሁ የቱን ታስቀድማላችሁ?