የሌድ ዜፕሊን የሬዲዮ ቅጂዎች በሸክላ፦ የትኛውን እትም ልግዛ?

ሰሎሜ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ለንደን ነው። የብሪታንያው የብሉዝ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን ለቢቢሲ ሬዲዮ የተጫወታቸውን ሙዚቃዎች በሸክላ መግዛት እፈልጋለሁ። የስቱዲዮ አልበሞቻቸው አሉኝ፤ አሁን የሚያምረኝ አራቱ ሰዎች ምንም ሳይደራረብ በአንድ ጊዜ ሲጫወቱ መስማት ነው። ሰፈሬ ባለው ሱቅ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ በ1997 የወጣ ባለ አራት ሸክላ ነው፤ ሁለተኛው በ2016 የወጣ ባለ አምስት ሸክላ። ሦስተኛው ሽፋኑ ላይ «የሬዲዮ ስርጭት» የሚል የተጻፈበት ነጠላ ሸክላ ሲሆን ዋጋው ከሁለቱ በእጅጉ ያነሰ ነው። የትኛውን ልውሰድ? ርካሹስ ሕጋዊ ነው?

ሌላም ችግር አለብኝ። ማጫወቻዬን ከማጉያው ጋር ሳገናኘው ድምፁ በጣም ደካማና ቀጭን ይሆናል። ማጫወቻው አዲስ ነው።

የሸክላ ወዳጅ

እህቴ ሰሎሜ፣ ሸክላ ከመምረጥሽ በፊት ቴፑ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። የሬዲዮ ቅጂ ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ቢቢሲ በቀን ውስጥ ከሸክላ የሚያጫውተው ሙዚቃ በስምምነት የተገደበ ነበር። የሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሥራ እንዳያጡ ይፈልግ ነበርና ጣቢያው ባንዶችን እየጠራ ለራሱ ያስቀርጽ ነበር። እነዚህ ሁሉ ቅጂዎች የተወለዱት ከዚያ ገደብ ነው። የሚያሳዝነው ቴፑ ውድ ስለነበር ብዙው ተደምስሶ ሌላ ተቀርጾበታል። ስለዚህ ዛሬ በገበያ የሚገኘው የሬዲዮ ሸክላ ከሁለት ምንጭ አንዱ ነው፤ ወይ ተርፎ የተገኘ የጣቢያው ቴፕ፣ ወይ አንድ አድማጭ ቤቱ ተቀምጦ ከሬዲዮው የቀዳው።

በ1997 እና በ2016 የወጡት ሁለቱም የባንዱ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ክፍላቸው በ1969 የተቀረጸ ነው። ሌላው እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው ፓሪስ ቲያትር በታዳሚ ፊት የተደረገ ኮንሰርት ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ በጆን ፒል አቅራቢነት ተሰራጭቷል። እኔ ብቻዬን ደሴት ላይ ብጣል የምይዘው ይህንን ኮንሰርት ነው። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» የተባለውን ዘፈን የያዘው አልበም የወጣው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ገና በሸክላ ያልወጣ ዘፈን እየሰሙ ነበር ማለት ነው። ጭብጨባው ጨዋ ነው፣ ገና የዓለም መዝሙር አልሆነም። ያንን የመጀመሪያ ጆሮ የትም አታገኚውም።

የ2016ቱ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ የተቆጣጠረው አዲስ ማስተር ነው፤ ማለትም ድምፁ ለኅትመት እንደገና የተስተካከለ ነው። ቀደም ብሎ ያልወጡ ስምንት ቅጂዎች ተጨምረውበታል፤ ከነዚህ ሦስቱ ጠፋ ከተባለ የ1969 ፕሮግራም የተረፉ ናቸው። ገንዘቡ ካለሽ እሱን ውሰጂ።

ርካሹን በተመለከተ፣ በብሪታንያ ሕግ ለአንድ የሬዲዮ ስርጭት የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች የሚጠቀሙት በዚህ ነው። የግጥምና የዜማው መብት ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የተጫዋቾች መብትም ለብቻው አለ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ አይደለም። ግልጽ የሆነው፣ ከዚያ ሸክላ ላይ ለባንዱ የሚደርስ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምልክት አለመኖሩ ነው። እኔ አልገዛውም።

ባለ ጊታር

ከወንድሜ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

አንደኛ፣ የሬዲዮ ቅጂ ሁሉ «በአንድ ጊዜ የተጫወቱት» አይደለም። በ1969 ከተቀረጹት አብዛኞቹ ያለ ታዳሚ በቢቢሲ ስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው፤ ጊዜ ሲገኝ ድምፅ መደረብም ነበር። የሮበርት ጆንሰንን ብሉዝ መሠረት ያደረገው «ትራቭሊንግ ሪቨርሳይድ ብሉዝ» ላይ ፔጅ ጊታር ደርቦበታል። ይህን የምለው ቅጂውን ለማሳነስ አይደለም፤ የጊታሩ መንሸራተት ልብ ይነካል። እህታችን የፈለገችው ያልተደረበውን ከሆነ ግን ልቧን የሚያረካው የፓሪስ ቲያትሩ ነው። እዚያ «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ብቻውን ከ18 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ የቦንሃም ከበሮ እና የጆንስ ቤዝ እንዴት እንደሚጠባበቁ ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የ1997ቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ከሆነና ዋጋው ከቀነሰ በቂ ነው። የ2016ቱ ተጨማሪዎች ለታሪክ ትልቅ ናቸው፤ ለጆሮ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ከጠፋው ፕሮግራም የተረፉት ሦስቱ ከሬዲዮ የተቀዱ ስለሆኑ ድምፃቸው የደበዘዘ ነው።

ቴክኒሻኑ

ለድምፁ መድከም፦ ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሙዚቃው ሸክላው ላይ ሲቀረጽም ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው። ይህን የሚመልሰው ፎኖ ማጉያ ይባላል። ከማጉያሽ ጀርባ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ካለ እዚያ ሰኪው። ከሌለ አነስተኛ ፎኖ ማጉያ ለብቻው ገዝተሽ በመካከል አስገቢ። ማጫወቻው ውስጥ አብሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ያለውን ማብሪያ ማየት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጠቀሚ፣ ድምፁ ይበላሻል። ቀጭኑን የመሬት ሽቦ ካላሰርሽው የማያቋርጥ ጉምጉምታ ትሰሚያለሽ።

ሰሎሜ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማብሪያው ነበር፤ አሁን ድምፁ ሞላ። ሱቁ ያለው የ2016ቱ ያገለገለ ነው። ባለሱቁ እዚያው እንድመለከተው ፈቅዶልኛል። ምን ልይ?

የሸክላ ወዳጅ

አምስቱንም አውጪ፤ አንዱን አይተሽ ሌሎቹን አትመኚ። ብርሃን ከጎን እንዲመታው አዘንብለሽ ያዢው። ከወረቀት ከረጢቱ የሚመጣ፣ ጥፍር የማይዘው ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ጥፍርሽን የሚያደናቅፍ ከሆነ ግን መርፌውንም ያዘልለዋል። ከዚያ በአግድም ከዓይንሽ ትይዩ አድርገሽ መጉበጡን ተመልከቺ።

ሙዚቃው ካለቀ በኋላ መሃል ላይ ባለው ባዶ ቀለበት የተቀረጸ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በመሃሉ ክብ ወረቀትና በሽፋኑ ጀርባ ካለው ጋር መዛመድ አለበት። ካልተዛመደ፣ አንዱ ሸክላ ከሌላ ስብስብ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ማጫወት ካልተቻለ ደግሞ የእያንዳንዱን ገጽ መጨረሻ አሰሚኝ በይ። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት አንድ ሆኖ ሳለ፣ መርፌው ከዳር በሴኮንድ 50 ሳንቲሜትር ያህል ሲጓዝ ወደ መሃል ሲደርስ 20 አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ የደከመ መርፌ የጎዳው ሸክላ መጀመሪያ የሚሻክረው እዚያ ነው። የዘፋኙ የፕላንት ከፍ ያለ ጩኸት ላይ «ስ» እና «ሽ» ከተቀደዱ፣ ዋጋ እንዲቀንስልሽ ጠይቂ ወይም ተይው።

ከስቶክሆልም

አንድ ነገር ልጨምር። ምናልባት እዚያው ሱቅ ወይም ጨረታ ላይ ቢቢሲ ለውጭ አገር ጣቢያዎች ይልካቸው የነበሩ ሸክላዎች ያጋጥሙሽ ይሆናል። ለሽያጭ የተሠሩ አልነበሩም፤ ጣቢያዎቹ ከተጠቀሙባቸው በኋላ እንዲመልሱ ወይም እንዲያጠፏቸው ይጠበቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ብርቅና ውድ ናቸው፤ ሐሰተኛ ቅጂም ይበዛባቸዋል። ለመስማት ከሆነ የምትገዢው፣ እነሱን ለሰብሳቢዎች ተዪላቸው።

የ1969ዎቹን ገጾች ስታጫውቺ ማጉያሽ ላይ «ሞኖ» (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ማለት ነው) የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኚው። የተቀረጹት በሞኖ ስለሆነ ከሙዚቃው የሚጎድል የለም፤ ከአቧራና ከጭረት የሚመጣው ጫጫታ ግን በከፊል ይጠፋል። ወደ ፓሪስ ቲያትሩ ስትሸጋገሪ ቁልፉን መልሺው።