ክሮስፍሎ ተርባይን በአገር ወርክሾፕ፦ ምኑን እንሥራ፣ ምኑን እንግዛ? (ላሜራ፣ ቶርኖ ቤት፣ ኮሬንቲና ወፍጮ የተወያዮቹ መጠሪያ ናቸው)

ላሜራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቶርኖ፣ ብየዳና ላሜራ መቁረጫ ባለው ወርክሾፕ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ክሮስፍሎ ተርባይን (ውኃ በክንፎቹ መሃል አቋርጦ እያለፈ የሚያዞረው መሣሪያ) ሊሠራ ታስቧል። የውኃው መውደቂያ ከፍታ 12 ሜትር ነው፤ በበጋ በሰከንድ 100 ሊትር ይገኛል። ለሙከራ የተሠራው ራነር (ባለ ክንፉ መዘውር) ከብየዳ በኋላ ተጣሞ ወጣ። ምክንያቱ ምን ይሆን? ደግሞስ የትኛውን ክፍል እዚህ መሥራት ያዋጣል?

ቶርኖ ቤት፦ መጀመሪያ ኃይሉን አስሉ። 9.81 × 0.1 × 12 ሲባዛ 11.8 ኪሎዋት ይመጣል። ቱቦው፣ ተርባይኑ፣ ቺንጊያውና ጄኔሬተሩ የሚበሉት ሲቀነስ ከ6.5 እስከ 7 ኪሎዋት ጠብቁ፤ ለቀበሌው ከዚህ በላይ ቃል አትግቡ።

ራነሩ 300 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 28 ክንፍ ይኑረው። ክንፉ ከ4 ኢንች ጥቁር ቱቦ ይቆረጣል፤ ቅስቱ 73 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአንድ ቁራጭ ቱቦ አራት ክንፍ ስለሚወጣ ሰባት ቁራጭ ይበቃል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ አትጠቀሙ፤ ዚንኩ ብየዳውን ያበላሻል፣ ጭሱም ሰው ይጎዳል።

የተጣመመው ክንፎቹ በተርታ ስለተበየዱ ይመስለኛል። ሙቀቱ አንድ ወገን ላይ ሲከማች ክንፎቹ የተበየዱበትን ዲስክ ይስበዋል። ሁሉንም መጀመሪያ በነጥብ ያዙ፤ ከዚያ 1ኛውን፣ ፊት ለፊቱ ያለውን 15ኛ፣ ቀጥሎ 8ኛውንና 22ኛውን እያላችሁ ዙሩ። ዘንጉ መሃል እንደገባ ይቆይ። ከውጭ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉና ቶርኖ የሚገባው ብየዳው ካለቀ በኋላ ይሁን።

የክንፉ ጫፍ ላይ ያለውን ብየዳ በጣም ተጠንቀቁበት። ራነሩ በደቂቃ 460 ጊዜ ያህል ስለሚዞር እያንዳንዱ ክንፍ በቀን ከ660 ሺህ ጊዜ በላይ በውኃው ይመታል። ብየዳው ውስጥ ዝቃጭ ከቀረ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል፤ አንድ ክንፍ ሲነቀል ደግሞ የቀሩትን ይዞ ይሄዳል።

ኮሬንቲ፦ ራነሩን፣ የተርባይኑን ቤት (ራነሩ የሚገባበትን ሳጥን)፣ የውኃ መግቢያውን፣ ቱቦውንና የቆሻሻ ማገጃ ፍርግርጉን እዚሁ ሥሩ። ኩሽኔታ፣ ቺንጊያና ጄኔሬተር ግዙ። ኩሽኔታው ከተርባይኑ ቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ውኃና አሸዋ ከገባበት ግራሶ ብቻውን አያድነውም።

የራነሩን 460 ዙር ወደ ጄኔሬተሩ 1500 ዙር ለማድረስ ትልቁ ፑሌጃ ከትንሹ 3.25 እጥፍ ይሆናል። ጭነት ድንገት ሲቋረጥ ተርባይኑ ወደ 830 ይፈተለካል፣ ጄኔሬተሩም ወደ 2700። ስለዚህ ስትገዙ ይህን ፍጥነት ይችል እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ጄኔሬተር የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። የጭነት መቆጣጠሪያውን (ሰው ያልተጠቀመበትን ኃይል ወደ ውኃ ማሞቂያ እየላከ ፍጥነቱን የሚጠብቀውን) ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው እዚሁ ሊገጣጥመው ይችላል። ትርፍ ኃይሉን የሚበላው የውኃ ማሞቂያ ግን አቅሙ ከጄኔሬተሩ ቢያንስ በ15 በመቶ ይብለጥ፤ በመሃል ማብሪያ ማጥፊያ አይግባበት።

ወፍጮ፦ ከመብራት ባትጀምሩስ? በኔፓል የካትማንዱና የቡትዋል ወርክሾፖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክሮስፍሎን የለመዱት በወፍጮ ነበር፤ እህል መፍጫ፣ ሩዝ መፈልፈያና ዘይት መጭመቂያ ያዞሩበት ነበር። መብራት በብዛት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ወፍጮ ፍጥነቱ ትንሽ ቢወዛወዝ የሚቃጠል ዕቃ የለውም፤ ወፍጮ ፈጪው ራሱ ቫልቩን በእጁ ይቆጣጠራል። ብየዳችሁና ኩሽኔታችሁ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ራስ ምታት ይፈተናል፣ ገቢውም ከመጀመሪያው ቀን ይገባል። ጄኔሬተሩን በዓመቱ እዚያው ዘንግ ላይ በቺንጊያ መጨመር ይቻላል።

ላሜራ፦ በጣም አመሰግናለሁ፤ በወፍጮ እንጀምራለን። የቱቦው ስፋትስ ስንት ይሁን?

ቶርኖ ቤት፦ ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር እንዲሄድ 250 ሚሊ ሜትር። 200 ካደረጋችሁት ፍጥነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ በሰበቃ የሚጠፋው ከፍታም ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለራነሩ የቆረጣችሁበትን ቅርጽ ማውጫ ላሜራም አትጣሉት፤ ሁለተኛው ተርባይን የሚሠራው በእሱ ነው።