የድሮው የአዋሽ ባቡር ጣቢያ፦ አባቴን ይዤ ልሄድ ነው፣ የምታውቁ ንገሩኝ

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በወጣትነቱ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር እየተመላለሰ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፣ አሁን ዕድሜው ገፍቶ ብዙ መንገድ አይችልም ግን አዋሽ ሰባት ጣቢያን አንዴ ልየው እያለኝ ነው። የሚገርመኝ ድሬን እንኳን እንደዛ አያነሳትም፣ ወሬው ሁሉ አዋሽ አዋሽ ነው። በመሃል ያለች ትንሽ ከተማ ለምን እንዲህ እንደምትወራ በደንብ ማወቅ ፈልጌያለሁ። የድሮው ጣቢያ አለ? ቡፌውስ? በአዲሱ ባቡር ሄደን አዋሽ መውረድ ይቻላል ወይስ በመኪና ይሻለናል? በሰፊው ጻፉልኝ፣ ለአባቴ ቁጭ ብዬ ነው የማነብለት።

ድሬ ከዚራ፦
እህቴ አባትሽ እውነታቸውን ነው፣ አዋሽ እንደው ቆሞ የሚታለፍ ፌርማታ አልነበረችም። አጼ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከዛ ኩባንያው ከሰረና ሃዲዱ ድሬ ላይ ለዓመታት ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ቀጠለውና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ አዋሽ እንግዲህ በዚህ በሁለተኛው ዙር ሥራ የመጣች ናት።

ዋናው ነገር ግን ምን መሰለሽ፣ ድሮ ባቡሩ ማታ አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ ሰው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነው አዲስ አበባ የሚገባው። አንድ ሙሉ ባቡር ሰው በረሃ መሃል ሲራገፍ እራት ይፈልጋል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ደግሞ ባቡሩ ራሱ በ1940ዎቹ ዲዝል እስኪመጣ ድረስ በእንፋሎት ስለነበር ውሃ መሙላት አለበት፣ በዛ ላይ ከአዋሽ አዲስ አበባ ድረስ ከ1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ የሚደርስ ዳገት ነው የሚጠብቀው። ከተማዋን የፈጠራት ይሄ ነው። ጣቢያው ባይኖር ኖሮ አዋሽ ሰባት የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው ሆቴል የተሠራውም ለዚሁ ነው፣ ብዙ ዘመን ግሪካዊት ሴትዮ ነበሩ የሚያስተዳድሩት። ሰፊ በረንዳ፣ በላዩ የቡገንቪሊያ አበባ የወረደበት፣ ከጠረጴዛው ሳትነሺ ሃዲዱን የምታይበት። እኔ መጨረሻ ባየሁት ጊዜ ሕንፃው ሳይፈርስ እንዳለ ነበር።

የምድር ባቡር ልጅ፦
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ጣቢያው ለሰዉ ምን ይሰጥ እንደነበር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ባቡር ሲባል ትኬትና ወንበር ብቻ ይመስለዋል። ጣቢያው ፖስታም ነው ስልክም ነው፣ መድኃኒት የሚልክ፣ ብር የሚልክ፣ ልጁን አደራ ብሎ የሚልክ ሁሉ እዛው ነው የሚያልቅለት። ከድሬ ጨርቅ ይመጣል፣ ጫት ይመጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። ባቡሩ ገና ሳይቆም ሴቶቹ ወተትና እንቁላል በራሳቸው ተሸክመው ከፉርጎ ፉርጎ ይሮጣሉ፣ ሂሳቡ በመስኮት ነው፣ ፊሽካ ተነፍቶ ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ መልስ ይዛ አጠገቡ ስትሮጥ የምታያት ሴት አትጠፋም፣ መልሱን ሳትሰጥ ግን አትቀርም። ሊቶሪና (ጣሊያን ያመጣት ፈጣኗ) ስትመጣ ደግሞ የሚወርደው ሰው ሌላ ነው፣ ሻንጣ የያዘ፣ ቡፌ ገብቶ የሚበላ። ሠራተኛው ፈረንሳይኛ ይችል ነበር፣ ደብዳቤውም ፎርሙም በፈረንሳይኛ ስለነበር የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነሳ አይለፍ። ጥር 1977 ላይ ከአዋሽ አጠገብ ድልድዩ ጋ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ቀርቶ ከሃዲዱ ወጣና ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች የከፋው እሱ ነው ይባላል፣ ነገር ግን የሚያስታውሰው ሰው እየቀነሰ ነው። አባትሽ በዛ ዘመን ይነግዱ ከነበረ የሚያውቁት ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ ስታነቢላቸው እዚህ ጋ ቀስ በይ።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የ77ቱን አንብቤለት ዝም አለ፣ ከዛ ሁለት የሚያውቃቸውን ነጋዴዎች ስም ጠራልኝ፣ ለእኔ አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። አሁን የጉዞውን ነገር ንገሩኝ።

ፉርጎ፦
የጉዞውን እኔ ልንገርሽ። የድሮው ባቡር በአዲስ አበባና ድሬ መሃል መሥራት ካቆመ ቆየ፣ ስለዚህ በዛ ሃዲድ ተሳፍሮ መግባት የለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ በ2010 ነው ሥራ የጀመረው፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ከለገሃር ሳይሆን ከፉሪ ለቡ ነው፣ ለአዛውንት እዛ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። አዋሽ ላይም ጣቢያ አለው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ወርደሽ ባጃጅ ወይ መኪና መያዝ አለብሽ። በየጣቢያው ሁልጊዜ አይቆምም፣ በየቀኑም ላይኖር ይችላል፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት አዋሽ እንደሚቆም ደውለሽ አረጋግጪ፣ መታወቂያም ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ለረጅም መንገድ የሚተኛበትም አለው፣ እስከ አዋሽ ግን ወንበር ይበቃል።

እኔ ብሆን ግን በመኪና ነው የምወስዳቸው። እስከ አዳማ ፈጣኑ መንገድ አለ፣ ከዛ መተሃራ ጋ በሰቃ ሐይቅን ታገኛላችሁ፣ ውሃው እያደገ መጥቶ የድሮውን ሃዲድና አስፋልቱን ምን እንዳደረጋቸው አባትሽ ራሳቸው ያሳዩሻል። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሂዱ፣ ማለዳ ተነሱ። የድሮው ጣቢያ ግቢ ጥበቃ ካለ አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ ፎቶም ጠይቃችሁ አንሱ፣ አባትሽ በባቡሩ ዘመን ይነግዱ እንደነበር ከነገርሻቸው የሚከለክል ሰው አይኖርም። አዋሽ ውስጥ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች አሉ፣ ጣቢያው አካባቢ ሻይ ቤት ገብተሽ ጠይቂ፣ አባትሽን የሚያውቅ ሰው ብታገኙ አይገርመኝም።