የትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን በትምህርት ቤት አማካሪነት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ማመልከቻውን ሞልቼ ጨርሻለሁ። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ተማሪዎች ሲከፋቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ባልደረቦቼም "አንቺማ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ" ይሉኛል። የያዘኝ ባለፈው ዓመት የሆነ ነገር ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀረችና "ቲቸር፣ ለማንም አትናገሪም አይደል?" አለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ቤት ውስጥ እንደምትደበደብ ነገረችኝ። ክንዷንም አሳየችኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ለሚመለከታቸው ተናገርኩ። ልጅቷ እርዳታ አገኘች፤ እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብላ አታየኝም።

ራሴን በምን ልመዝን? አይዞሽ ብቻ እንዳትሉኝ። እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፣ ረጅም ጊዜ ከሠራች አማካሪ

እህቴ፣ መናገርሽ ትክክል ነው። የተሳሳትሽው መማልሽ ላይ ነው። ይህን ስህተት አብዛኞቻችን ሠርተነዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሠርቼዋለሁ።

ምስጢር መጠበቅ የሙያው መሠረት ነው። ግን ወሰን አለው። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ዝም አይባልም። በብዙ አገሮች በልጅ ላይ የሚደርስን ጥቃት ማሳወቅ የመምህሩም የአማካሪውም የሕግ ግዴታ ነው። ለምን ሦስተኛው ቀን ድረስ ቆየሽ? ያቆየሽ መሐላው ይመስለኛል። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ልጅቷ እዚያው ቤት ነው ያደረችው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ እውነቱን ስለጠየቅሽኝ ነው።

ወሰኑ የሚነገረው ልጁ ከመናገሩ በፊት ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ "የምትነግሪኝን ለሰው አላወራም። ግን አንቺ ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ከሰማሁ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።" አንዳንድ ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል። ያማል። ግን አብዛኞቹ ሌላ ቀን ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም አልዋሸሻቸውም።

አሁን ራስሽን መዝኚ። "አልናገርም ብለሽ ማይልኝ" ብሎ እያለቀሰ የሚለምንሽን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየሽ "ያንን ቃል ልሰጥህ አልችልም" ማለት ትችያለሽ? ድምፅሽን ሳትለውጪ? ደጋግመሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው።

ልጅቷንም አነጋግሪያት። "ልጠብቀው የማልችለውን ቃል ሰጥቼሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። መናገሬ ግን አይቆጨኝም" በያት። መልስ አትጠብቂ።

መልስ፣ ሥራውን አቋርጦ ከተመለሰ አማካሪ

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ጥሩ አድማጭ ነህ እያሉኝ ነው የገባሁት። ውጤቴም ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ዓመቴ አባቱ የሞተበት ልጅ መጣ። እኔም አባቴን ያጣሁት በእሱ ዕድሜ ነው። በሳምንት አንዴ መገናኘት ሲገባን በየቀኑ እጠራው ጀመር። እሱ ዝም ሲል የራሴን እነግረዋለሁ። አንድ ቀን "አሁን ወደ ክፍል ልሂድ? እርስዎ ደህና ነዎት?" አለኝ። የተጽናናሁት እኔ ነበርኩ።

በሙያው ይህ የታወቀ ነገር ነው። የአማካሪው የገዛ ቁስል በተማሪው ታሪክ ይቀሰቀሳል። ቁስል መኖሩ አይደለም ችግሩ፤ ቁስል የሌለው ሰው የለም። ችግሩ ቁስሉ የት እንዳለ አለማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን አቆምኩ። ራሴ አማካሪ ጋር ሄድኩ። ስመለስ ሌላ ሰው ነበርኩ ብዬ ነው የማምነው።

እስቲ ወረቀት ያዢና መስማት የማትችያቸውን ታሪኮች ጻፊ። ፍቺ? ሞት? ረሃብ? መደፈር? እያንዳንዱ አጠገብ ሰውነትሽ ምን እንደሚል ጻፊ። ሆድሽ የሚኮማተርበትን፣ ለማዳን የሚያስቸኩልሽን፣ ልጁን ሳትሰሚ ወላጁን የሚያስጠላሽን። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ገና አልጀመርሽም ማለት ነው። ከሞላ ደግሞ አትደንግጪ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ልጅቷ ዓይንሽን አለማየቷ ለምን ይህን ያህል አመመሽ? ልጅቷ ዳነች። ያመመሽ መወደድሽን ማጣትሽ ከሆነ እሱም ወረቀቱ ላይ ይግባ።

መልስ፣ አማካሪዎችን ከምታሠለጥን መምህርት

ይህ ሙያ የተጀመረው ልጆችን ሥራ በማስመረጥ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ከተማ ውስጥ የሙያ መምሪያ ቢሮ ሲከፍት ሐሳቡ ሦስት ደረጃ ነበረው። ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን ማገናዘብ። የአንቺን ጽሑፍ በዚህ ብመዝነው፣ ስለ ራስሽ ብዙ አለ። ስለ ሥራው ግን አንድ መስመር አላገኘሁም።

ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶ ከአንድ ልጅ ጋር መቀመጥ መስሎሽ ከሆነ ይህ አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይመክራል፤ ብዙ ቦታ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ክፍል ገብተሽ ታስተምሪያለሽ። ትንንሽ ቡድኖች ትመሪያለሽ። ውጤቱ የወረደውን ትከታተያለሽ። ወላጅና መምህር ታስማሚያለሽ። መዝገብ ትይዣለሽ። ከአቅምሽ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ትልኪያለሽ። ረጅም ሕክምና የአንቺ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመላክሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂና አንድ አማካሪ ለጥቂት ቀናት ተከታተዪ። የምስጢር ውይይት ውስጥ አትገቢም፤ የቀረው ይበቃሻል።

ሁለተኛ፣ ማዳመጥሽን ፈትሺው። የሒሳብ መምህር መልስ ያለው ጥያቄ ለምዳለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ከአማካሪው የሚፈለጉ ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል እውነተኛ መሆን፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል እና ነገሩን በእሱ ዓይን ማየት ይገኛሉ። መፍትሔ መስጠት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንድ ጓደኛሽን አስፈቅደሽ፣ እሷን ያስጨነቃትን ቀላል ጉዳይ ስታወራሽ ድምፃችሁን ሃያ ደቂቃ ቅጂ። ከዚያ ብቻሽን ሆነሽ ስሚው። ስንት ጊዜ አቋረጥሽ? ስንት ጊዜ "እኔ ብሆን" አልሽ? ዝምታ ሲመጣ ስንት ሰከንድ ቻልሽ? ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ያፍራሉ። ከወር በኋላ ሲደግሙት ግን ለውጡ በጆሮ ይሰማል።

መልስ፣ ከአንድ ርዕሰ መምህር

አጭር ነገር። እምቢ ማለት ትችያለሽ? እኛ ኃላፊዎች አማካሪን መምህር ሲቀር ክፍል ጠብቂ፣ ፈተና አከፋፍይ፣ ይህን ልጅ ቅጪልኝ እንላለን። የሚቀጣን ሰው ደግሞ ልጅ ምስጢር አያዋየውም። እኔን ይህን ያስተማረችኝ በአክብሮት እምቢ ያለችኝ አማካሪ ናት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ጽፌያለሁ፤ አልቅሼበታለሁም። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። አንድ ልጅ ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ ቢመስለኝ በቀጥታ መጠየቅ እፈራለሁ። ያላሰበውን አስታውሰው ይሆን እያልኩ። ይህ ፍርሃት ብቁ እንዳልሆንኩ ያሳያል?

መልስ፣ ረጅም ጊዜ ከሠራች አማካሪ

አያሳይም። እስክትማሪው ድረስ ሁሉም ይፈራዋል። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይተክልም፤ ይህ በጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚሰማው እፎይታ ነው፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀው። "ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብለሽ ቃሉን ሳትሸፋፍኚ ጠይቂ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው። በትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ያለበትን ሰው ወዲያው ጥሪ፣ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ አሳውቁ፤ ወላጁ ራሱ የሚጎዳው ካልሆነ በቀር። እስከ ባለሙያ እጅ ድረስ አብረሽው ሂጂ። አሁንም መምህርት ሳለሽ ይህ ይመለከትሻል፤ ዲግሪውን አትጠብቂ።

መልስ፣ ሥራውን አቋርጦ ከተመለሰ አማካሪ

እኔም የምጨምረው፣ ያን ዕለት ማታ አንቺን የሚሰማሽ ሰው ይኑርሽ። ስም ሳትጠሪ የምትመክሪው የሥራ ባልደረባ ማለቴ ነው። እኔ ያልነበረኝ እሱ ነው።

ጠያቂዋ

ትናንት ልጅቷን በረፍት ሰዓት አገኘኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ መናገሬ ግን እንደማይቆጨኝ ነገርኳት። መሬት መሬት እያየች "እሺ ቲቸር" ብላ ሄደች። ሌላ ምንም አላለችም። ተከትያት ላብራራላት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ከአንድ አማካሪ ጋር ለአራት ቀን እንድቆይ ተፈቅዶልኛል። ማመልከቻው እስከዚያ ይቆያል። የምዝገባው ቀን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።