ፈንጂ አጥማጇን «ሩቢ» የምታውቁ፣ ለትረካዬ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዩቲዩብ ትረካ እየጻፍኩ ነው፤ ስለ ፈረንሳይዋ ባሕር ሰርጓጅ ሩቢ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ውኃ ውስጥ ሆና ፈንጂውን የምትጥለው በየት በኩል ነው? ደግሞስ «22 መርከብ አሰጠመች» ብዬ ልጻፍ?

መካኒኩ፦
በቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ በራሱ ሞተር የሚሄድ ተተኳሽ ፈንጂ) ቱቦ አይደለም። በግራና በቀኝ ጎኗ ቀጥ ብለው የቆሙ 16 ጉድጓዶች ነበሯት። በእያንዳንዱ ሁለት፣ በድምሩ 32 ፈንጂ ትይዛለች። መያዣው ሲለቀቅ ፈንጂው በክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ መልሕቁ ባሕሩ ወለል ላይ ይቀራል፤ ፈንጂው በገመድ እንደታሰረ ወደ ላይ ይነሳና ከውኃው ገጽ ዝቅ ብሎ ተደብቆ ይቆማል። አንዱ ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ሲወጣ ቦታውን ውኃ ካልተካው መርከቧ ትቀልና ጠላት ፊት ብቅ ትላለች። ይህቺን እንዳትዘላት ወንድሜ።

ታሪክ ወዳድ፦
«ወደ 22» በል። ፈንጂ ያጠመደ ሰው መርከቡ ሲሰምጥ አያይም፣ ሄዷል። በቶርፔዶ የመታቻት የፊንላንዷ የጭነት መርከብ ሆግላንድ ናት፤ ነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ.፣ ኖርዌይ ጠረፍ። በጣም ተጠግታ ስለተኮሰች ፍንዳታው የራሷንም ባትሪዎች ሰባበረ። ያለ ባትሪ ደግሞ ከውኃ በታች መሄድ የለም። መርከበኞቹ እንደምንም ጠጋግነው፣ በጠላት ባሕር ላይ በገሃድ ተጉዘው ስኮትላንድ ገቡ። እኔ ብሆን ትረካውን ከዚህ ነው የምጀምረው።

እማማ ባሕር፦
ሰዎቹንም አንሳልን እንጂ! ሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ለጀርመን እጅ ስትሰጥ ሩቢ ከእንግሊዞች ጋር ነበረች። በሐምሌ እንግሊዞች በጀርመን እጅ እንዳትገባ ብለው ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ወደብ ላይ ተቆጣጠሯት። አዛዧ ካባኒዬና አብዛኛው መርከበኛ ግን ለንደን ሆኖ ውጊያውን ከቀጠለው ፈረንሳዊ ጄኔራል ከደ ጎል ጎን ቆሙ። አገራቸው በጠላት እጅ፣ ቤተሰባቸው እዚያው። እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። በኋላ የነጻነት መስቀል የተባለውን የፈረንሳይ ሜዳሊያ ከተሸለሙት ሁለት መርከቦች አንዷ ሆናለች።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ፤ ፈረንሳይ ከተያዘች በኋላ ፈንጂውን ከየት አመጡት?

መካኒኩ፦
የፈረንሳዩ ሲያልቅ እንግሊዝ የተሠራ ፈንጂ ለጉድጓዶቿ እንዲሆን ተስተካከለላት። በእሱም እስከ 1944 መጨረሻ ስታጠምድ ቆየች። ጠቅላላው 683 ነው፤ ይሄንን ቁጥር ሳትፈራ ጻፈው።