ክርክር፦ ፊልም መጀመሪያ አዳራሽ ይታይ ወይስ በቀጥታ ስልካችን ላይ ይለቀቅ?

የጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚህ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ተነሥቷል። «ሲኒማ ቤት አብቅቶለታል። ሆሊውድ እንኳ እየከሰረ ነው። የባሕር ዳር ልጆችም አዳራሽ መከራየቱን ትታችሁ ዩቲዩብ ላይ ልቀቁት» የሚል ነው። እኔ በፍጹም አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳ፣ ከዚያ እንከራከር።

ሆሊውድን ካነሣችሁት ከእሱ እንጀምር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ2019 በአሜሪካና በካናዳ ሲኒማ ቤቶች ወደ 11.4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትኬት ተሸጧል። በ2024 ወደ 8.7 ቢሊዮን ገደማ ነው። ኮቪድ ካለፈ ቆየ፣ ጉድለቱ ግን አልሞላም። «ሰው ቤቱ ማየት ለመደ» ትላላችሁ። ማን አስለመደው? ድሮ አንድ ፊልም ከአዳራሽ ወጥቶ ቤት እስኪገባ 90 ቀን ገደማ ይወስድ ነበር። በ2020 የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል ከኤኤምሲ ሲኒማ ቤቶች ጋር ተዋውሎ 17 ቀን አደረገው። በ2021 ደግሞ ዋርነር ብራዘርስ የዓመቱን ፊልሞች በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አዳራሽ በገቡበት ዕለት ኤችቢኦ ማክስ በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለቀቀ። ጥርት ያለው ቅጂም በዚያው ቀን የሌቦች እጅ ገባ። ትንሽ ከታገሠ ቤቱ እንደሚመጣለት ያወቀ ሰው ለምን ትኬት ይገዛል?

ስትሪሚንጉ፣ ማለትም ፊልም በኢንተርኔት ማሳየቱ፣ ያንን ጉድለት ሸፈነላቸው? ዲዝኒ በ2022 የበጀት ዓመት በስትሪሚንግ ብቻ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። ትርፍ ማየት የጀመረው በ2024 ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አቋሜ ግልጽ ነው። የአማርኛ ፊልም ወደ ዩቲዩብም ሆነ ወደ ሌላ መተግበሪያ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ 45 ቀን አዳራሽ ይቆይ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱን ሁሉ ስትሪሚንግ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም። የሆሊውድ ችግር ወጪው ነው። ሂሳቡን እንየው። ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ ግማሽ ያህሉ የሲኒማ ቤቱ ነው። ማስታወቂያው ሌላ ብዙ ሚሊዮን ይበላል። ስለዚህ 200 ሚሊዮን የወጣበት ፊልም 300 ሚሊዮን ቢያስገባም ገና ኪሳራ ላይ ነው። በ2023 «ዘ ማርቨልስ» የሆነው ይኸው ነው። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ከዓለም ሁሉ የሰበሰበው 206 ሚሊዮን አካባቢ ነው።

በዚያው ዓመት «ባርቢ» ከ150 ሚሊዮን ባነሰ ወጪ ተሠርታ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ አስገባች። ጃፓኖች «ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ከ15 ሚሊዮን ባነሰ ሠርተው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሸጡበት። በቪዥዋል ኢፌክት (በኮምፒውተር በሚሠራ ልዩ ምስል) ኦስካርም ወሰዱ። ሰው እኮ አሁንም ከቤቱ ይወጣል! የሚወጣበት ነገር ሲያገኝ ነው። 45 ቀን ብትቆልፉበትም ደካማ ፊልም ደካማ ነው።

ነርሷ፦
እናንተ ስለ ስቱዲዮ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ተመልካቹ ልናገር። አዳር ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ሲኒማ ልግባ ብል ትኬት አለ፣ የባጃጅ ደርሶ መልስ አለ፣ ልጅ የሚጠብቅልኝ ሰው መፈለግ አለ። ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የማታ ፊልም የሚባል ነገር ማሰብም አይቻልም ነበር። ስልኬ ላይ ግን ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን እናያለን። ይህ ነውር ነው?

ደግሞ የማን 45 ቀን ነው የምትሉት? አዲስ አበባ ታይቶ፣ ተወርቶ፣ ፖስተሩ ተቀዶ ካለቀ በኋላ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም። ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ግን ዓባይ ማዶ ያለውም ቦሌ ያለውም እኩል ሰዓት ያየዋል። እኩል የሆንነው በስልክ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ 45 ቀን ቆልፉብን ትላላችሁ?

ፖሊ ግቢ፦
👏👏 ነርሷ ልክ ናት።

ኤዲተሯ፦
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን ዩቲዩብ «ነፃ» ሲሆን የሚከፍለው ሌላ ሰው እንደሆነ እንይ። እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለባለቻናሉ ይሰጣል። መጥፎ ድርሻ አይደለም። ችግሩ የገቢው መጠን ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው እንደ ተመልካቹ አገር ነው። ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያመጣው ገንዘብ ባሕር ዳር ሆኖ ከሚያየው ጋር አይነጻጸርም። ይህ ሂሳብ ደግሞ ስክሪፕቱ ውስጥ ይገባል። ፕሮዲውሰር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውጭ ያለው ተመልካች ይወደዋል ወይ?» ነው። በእምቦጭ ምክንያት መረቡን መጣል ያቃተው ዓሣ አጥማጅ ታሪክ ይዘሽ ብትሄጂ «ማን ያየዋል?» ትባያለሽ። የሐይቁ ዳር ሰው ያየዋል! ግን የእሱ ዓይን በማስታወቂያ ገበያው ዋጋ የለውም። ዋጋ የሚኖረው ትኬት ሲቆርጥ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሽምብጥ ሰው ብርና የቦሌ ሰው ብር እኩል ነው።

ስለ ስትሪሚንግ ኩባንያም አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋንያን 118 ቀን ሥራ አቁመዋል። ካነሧቸው ጥያቄዎች ትልቁ ይህ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ሥራሽ በተደገመ ቁጥር ክፍያ ይመጣል። ስትሪሚንግ ላይ ግን ክፍያው ከተመልካቹ ቁጥር ጋር አይያያዝም ነበር። ስንት ሰው እንዳየውም በቅጡ አይነገርም ነበር። ኔትፍሊክስ የ18,000 ሥራዎችን የዕይታ ሰዓት ዘርዝሮ ያወጣው ገና በታኅሣሥ 2023 ነው። እነዚያ ጠንካራ ማኅበር አላቸው፣ እንደዚያም ሆኖ ወራት ፈጅቶባቸዋል። እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ማንን ቁጥር እጠይቃለሁ? አዳራሽ ከሆነ በሩ ላይ ቆሜ ሰው እቆጥራለሁ።

ፖሊ ግቢ፦
ኤዲተሯ ጥሩ አድርገሽ አስረድተሻል። ግን ስትሪሚንግን ጠላት ማድረግ አይጠቅመንም። ኔትፍሊክስ በ2022 በስድስት ወር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አጥቶ ሁሉም «አበቃለት» ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማስታወቂያ ያለበት ርካሽ አማራጭ አመጣ። በ2024 መጨረሻ ከ300 ሚሊዮን ደንበኛ በላይ ነበረው። ሶኒ ደግሞ እንደ ዲዝኒ የራሱን ትልቅ መድረክ ልሥራ ብሎ ቢሊዮን አላፈሰሰም። ፊልሙን አዳራሽ አሳይቶ ለኔትፍሊክስ ይሸጣል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ምን ይዞ ገባ ነው።

ለእኛ ግን ኔትፍሊክስ መልስ አይደለም። ኢትዮጵያ የገባው በፈረንጅ 2016 ነው፣ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው ይህ ካርድ አለው? በቴሌብር የሚከፈልበት፣ አንድ ፊልም በትንሽ ብር የሚታይበት መድረክ ቢጠነክር ግን ኤዲተሯ ያለችው «የሐይቁ ዳር ሰው ዋጋ» በስልክም ይመጣል።

የጣና ዳር፦
ፖሊ ግቢ፣ እሱ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን ታስታውሳለህ። ሙሉ ኑሮውን ኔትወርክ ላይ የጣለ ፊልም ሠሪ ያኔ ምን በላ?

ፖሊ ግቢ፦
እውነት ነው። ግን ያኔ አዳራሹም በምሽት ዝግ ነበር። ሁለቱም እግራችን ተመትቷል።

ፊልም አጫዋች፦
ልጆቼ፣ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ ታገሡኝ። አዳራሽ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ቪዲዮ ቤቶች ሲከፈቱ «ሲኒማ ሞተ» ተባለ። ቪሲዲ መንገድ ላይ ሲዘረገፍ «ሞተ» ተባለ። አልሞተም፣ ግን እየመነመነ ነው። በሥራ ቀን ጥቂት ሰው ብቻ የሚገባበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እናስነሣለን፣ የነዳጁ ወጪ ከትኬቱ ገቢ ይበልጣል። ይህን ሳትደብቁ ተከራከሩ።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ ማታ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ሲኖር ወደ ዲኤስቲቪ ቤቶች ሂዱ። መቆሚያ የለም። ጨዋታው ስልክ ላይም ይገኛል፣ በነፃም ይፈልጉታል። ሰው ግን ከፍሎ ይገባል። ለምን? ጎል ሲገባ ብቻውን መጮህ ስለማይፈልግ ነው። በዚያ ላይ ጨዋታው የሚታየው ለንደንም አዲስ አበባም ባሕር ዳርም በአንድ ሰዓት ነው። ማንም «ለእናንተ በወሩ እንልክላችኋለን» አይለንም።

ፊልሙ ላይ ግን ይሉናል። ድሮ ምክንያት ነበረው። ፊልም በሪል ነበር የሚመጣው፣ አንዱን ቅጂ ማባዛት ብዙ ብር ነው። አዲስ አበባ ጨርሶ ወደ እኛ ይላክ ነበር። አሁን ፊልሙ ፋይል ነው፣ በሃርድ ዲስክ ይመጣል። በዚያው ዕለት እዚህም መታየት ይችላል። ልጄ ነርሷ የተናገረችው ቅሬታ መልሱ እዚህ ጋ ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአንድ ቀን ከሆነማ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ እኔም ስለ ትኬት አስባለሁ። ግን ሁልጊዜ ማታ ማታ አታድርጉት። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችንን ይዘን የምንገባበት ሰዓት ይኑር። ሰዉ ራቀ ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉት።

የጣና ዳር፦
ጋሼ ያሉትን አቋሜ ውስጥ አስገባዋለሁ። 45 ቀኑ የሚሠራው ፊልሙ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴ ላይ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቀን ከተከፈተ ነው። እሱን ያላደረገ ፕሮዲውሰር የክልል ተመልካች ጠብቆኝ ይቆይ የማለት መብት የለውም።

የሽምብጥ ልጅ፦
በአንድ ቀን መከፈቱን እደግፋለሁ። 45 ቀኑን ግን አሁንም አልቀበልም። በሁለተኛው ሳምንት አዳራሹ ባዶ የሆነበትን ፊልም ለምን ታስሩታላችሁ? ማስታወቂያው ከሰው ጆሮ ሳይጠፋ ስልክ ላይ ቢለቀቅ ያዋጣዋል። ዩኒቨርሳል በ2020 መጨረሻ ሲኒማርክ ከሚባለው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ ጋር የተዋዋለው እኮ እንዲህ ነው። ፊልሙ በመክፈቻው ሳምንት መጨረሻ 50 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ከሸጠ 31 ቀን ይቆያል። ካልሸጠ በ17 ቀኑ መውጣት ይችላል። ቀኑን ተመልካቹ ይወስን። እኛም የራሳችንን ልክ እናውጣ።

የጣና ዳር፦
እሱ የሚሠራው የትኬት ሽያጩ የሚታመን ከሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ የተሸጠው ነገ ጠዋት ይታወቃል። እኛ ጋ ዛሬም ባለፊልሙ የሚያውቀው አዳራሹ የነገረውን ነው። ቁጥር በሌለበት «አልሸጠም» የሚለው ማነው?

ፊልም አጫዋች፦
ብጣሽ ትኬት ትታችሁ በቴሌብር ሽጡት። ሽያጩ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ይታያል። እኔ አዳራሹ በኩል ነኝ፣ እኛም ከጥርጣሬ እናርፋለን።

የሽምብጥ ልጅ፦
በዚህስ ተስማማሁ። ቀኑ ላይ ግን አልተስማማንም።

ኤዲተሯ፦
ቀኑ ላይ እኔም ወደ ሽምብጥ ልጅ አዘነብላለሁ። በሽያጩ ልክ ይሁን፣ ግን ከሦስት ሳምንት በታች አይውረድ። አሁን ኤዲት እያደረግሁት ያለው ፊልም ውሉ ገና አልተፈረመም። የሐይቁ ዳር ታሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቀን እዚህ እንዲከፈት፣ ትኬቱም በቴሌብር እንዲሸጥ ውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ለፕሮዲውሰሩ ዛሬ ማታ እልክለታለሁ። መልሱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።

ነርሷ፦
የቅዳሜ ከሰዓቱም ይጻፍ፣ እህቴ።